ቅንፍ ተቀየረና ሪፖርቴ ዜሮ ሆነ፦ ራሱን የሚጽፍ የጃቫና የፓይተን ማተሚያ ሜተድ ቴስት ይደረጋል ወይ?

የጦሳ ጭጋግ (ደሴ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 5፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የገጠመኝን ልንገራችሁና መላ በሉኝ።

የምሠራው ለአንድ የእህል ጅምላ ነጋዴ ነው። ሽያጭ የሚመዘግበው ሰርቨር በጃቫ ነው የተሠራው። የቀኑን ድምር የምታወጣው ደግሞ እኔ በፓይተን የጻፍኳት ስክሪፕት ነች። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የሎግ ፋይል፣ ማለትም ሰርቨሩ የሠራውን መስመር በመስመር የሚመዘግብበት ፋይል ነው። ጃቫው እያንዳንዱን ሽያጭ ሎግ ላይ ያትማል። ስክሪፕቷ መስመሩን ታነባለች፣ ትቆራርጣለች፣ ኩንታሉን ትደምራለች። የፊልድ (እንደ እቃና ኩንታል ያሉ የመረጃ ክፍሎች) ስሞቹ በአማርኛ ናቸው። ጃቫም ፓይተንም የግዕዝ ፊደል በስም ውስጥ ስለሚቀበሉ በዚህ በኩል ተቸግረን አናውቅም። ከዓመት በላይ መስመሩ እንዲህ ነበር፦

ሽያጭ(እቃ=ነጭ ጤፍ, ኩንታል=3, ደንበኛ=ከድር)

ይህን የሚያትመውን ቱስትሪንግ የሚባለውን ሜተድ (የኮድ ክፍል) በእጄ ጽፌው አላውቅም። ሎምቦክ የሚባለው የጃቫ ላይብረሪ ነበር የሚያዘጋጅልኝ። ቅዳሜ ዕለት ሎምቦክን ለማስወጣት ብዬ ክላሶቹን (የመረጃውን ቅርጽ የሚወስኑትን ኮዶች) ወደ ሬከርድ፣ ጃቫ ራሱ ማተሚያውን ወደሚሠራለት የክላስ ዓይነት፣ ቀየርኳቸው። ቴስቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ሆኑ፣ አለፉ ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ሄድኩ።

ዛሬ ሰኞ ነው። የባቲ ገበያ የሚቆምበት ቀን ስለሆነ ለእኛ ከሳምንቱ ሁሉ ሥራ የሚበዛው ዛሬ ነው። ማታ ሪፖርቱን ሳወጣ ድምሩ ዜሮ ኩንታል ይላል። ስህተት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፣ ዝም ብሎ ዜሮ። ሎጉን ከፈትኩት፦

ሽያጭ[እቃ=ነጭ ጤፍ, ኩንታል=3, ደንበኛ=ከድር]

አያችሁት? ክቡ ቅንፍ ወደ ማዕዘን ቅንፍ ተቀይሯል። ስክሪፕቷ ክብ ቅንፍ ስትፈልግ አጣች፣ መስመሩን ሁሉ እየዘለለች አለፈች። ሹፌሮቹ የጭነት ወረቀት እየጠበቁ ነበር። መስመር በመስመር በእጄ ደምሬ አሁን ነው የጨረስኩት።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ኮምፓይለር (ኮዱን ለማሽን የሚተረጉመው ፕሮግራም) ራሱ የሚሠራውን ማተሚያ ሜተድ ሰው ቴስት ያደርገዋል ወይ? ሁለተኛ፣ በፓይተን በኩልም ሽያጭ የሚባል ዳታክላስ (እንደ ሬከርድ ማተሚያው ራሱ የሚጻፍለት ክላስ) አለኝ። የጃቫውና የፓይተኑ አትመው የሚያወጡት ጽሑፍ አንድ መሆኑን የሚያረጋግጥ ቴስት ልጽፍ አስቤያለሁ። እንዴት ልጀምር?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 5፡58

አብሽር ወንድሜ፣ ያልደረሰበት የለም።

ለምን እንደተቀየረ ላስረዳህ። ጃቫ ላይ ምንም ሳትጽፍ ብትተወው የሚታተመው የክላሱ ስም፣ ከዚያ የአት ምልክት (@)፣ ከዚያ የሃሽ ቁጥር ነው። ለሰው ዓይን የሚጠቅም ነገር የለውም። ሎምቦክ ይህን በክብ ቅንፍ ያሳምርልሃል። ሬከርድ ደግሞ ከጃቫው ከራሱ የመጣ ነው። በጃቫ 14 ለሙከራ ገባ፣ በመጋቢት 2021 በወጣው ጃቫ 16 ጸና። እሱ የሚያትመው በማዕዘን ቅንፍ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ሥራ ናቸው፣ አንድ ዓይነት ቅንፍ እንጠቀም ብለው አልተማማሉም።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው። የሬከርድን ኦፊሴላዊ ሰነድ ግባና የቱስትሪንግን ክፍል አንብበው። የሬከርዱ ስም፣ የፊልዶቹ ስምና ዋጋቸው ይኖራል ይላል። ትክክለኛው አጻጻፍ ግን አልተወሰነም፣ ሊቀየር ይችላል፣ ስለዚህ ፕሮግራሞች ጽሑፉን ቆራርጠው ዋጋዎቹን መልሰው ለማውጣት አይጠቀሙበት ይላል። በግልጽ ተጽፏል። ስክሪፕትህ ስታደርግ የቆየችው በትክክል ይህንኑ ነው።

ቅንፉ ባይቀየርም አንድ ቀን ትወድቅ ነበር። ደንበኛው ስሙን «ከድር, ባቲ» ብሎ ቢያስመዘግብስ? ጃቫ በስሙ ዙሪያ ጥቅስ አያደርግም። ኮማው የስሙ ይሁን የፊልድ መለያ ስክሪፕትህ በምን ታውቃለች?

ሰኞ ገበያ (ደሴ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 6፡10

እኔ ተማሪ ነኝ፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ። ኮምፓይለሩ የሚሠራውን ነገር ቴስት ማድረግ ጊዜ ማባከን አይደለም? ጃቫን የሠሩት ሰዎች ፈትነውታል። አስተማሪያችንም የራስህን ኮድ እንጂ የሌላ ሰው ላይብረሪ አትፈትን ይለናል።

ወረኢሉ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡15

ሰኞ ገበያ፣ አስተማሪህ ልክ ነው። እዚህ ጋ ግን የሚረሳ ነገር አለ። ማተሚያውን የሠራው ኮምፓይለሩ ነው። ምን ይታተም የሚለውን ግን አንተ ነህ የወሰንከው፣ ሳታስበውም ቢሆን። ፊልድ በጨመርክ ቁጥር ማተሚያው ውስጥ ይገባል። ማንም አይጠይቅህም።

ያየሁትን ልንገርህ። ድሮ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት ደንበኛ የሚባል ክላስ ነበር። ስም፣ ከተማ፣ ቀሪ ሂሳብ ነበረው። ማተሚያው በሎምቦክ የተሠራ፣ ማንም ነክቶት የማያውቅ። አንድ ቀን የደንበኛው የሚስጥር ቁጥር ተጨመረ። የጨመረው ልጅ ጎበዝ ነበር፣ ኮዱም ልክ ነበር። ማተሚያውን ግን አልከፈተውም፤ የሚከፈት ነገርም አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው ሁሉ የሚስጥር ቁጥር ሎግ ላይ ይታተም ጀመር። ያገኘነው ከወራት በኋላ፣ ሌላ ባግ ስንፈልግ ነው። ሎጉን ማየት የሚችለው ሰው ብዛት እስካሁን ያስጨንቀኛል።

ስለዚህ ቅንፉንና ኮማውን ለኮምፓይለሩ ተወው። መጻፍ ያለብህ ቴስት «ይህ ነገር በጭራሽ እንዳይታይ» የሚለውን ነው። አንድ ደንበኛ ትፈጥራለህ፣ የሚስጥር ቁጥሩን 7391 ትለዋለህ፣ ታትመዋለህ፣ ከዚያ በታተመው ውስጥ 7391 የለም ብለህ ታረጋግጣለህ። ሦስት መስመር ነው። ያኔ ቢኖረን ኖሮ ልጁ ፊልዱን በጨመረበት ቀን ቀይ ይበራ ነበር።

መደበቂያው በየቦታው ይለያያል። ሎምቦክ ላይ ፊልዱ አናት ላይ ኤክስክሉድ የሚል ምልክት ትለጥፋለህ። ፓይተን ዳታክላስ ላይ ፊልዱን ስታውጅ ሪፐር ፎልስ ትለዋለህ፤ ሪፐር የፓይተኑ ማተሚያ ነው። ሬከርድ ግን እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። ቱስትሪንግን ራስህ መጻፍ አለብህ፣ ወይም የሚስጥር ቁጥሩን ራሱን ኮከብ ብቻ በሚያትም ትንሽ ክላስ ውስጥ መጠቅለል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ቁጥሩ የትም ይሂድ የት ከነመሸፈኛው ነው የሚሄደው።

የጦሳ ጭጋግ፣ አንተም ከሎምቦክ ወደ ሬከርድ ስትሻገር ኤክስክሉድ የተለጠፈበት ፊልድ ከነበረህ ዛሬውኑ እየው። ምልክቱ አብሮህ አልተሻገረም።

የጦሳ ጭጋግ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡05

ወላሂ አሁን ነው ያየሁት። ሽያጭ ላይ ሳይሆን በሌላው ክላስ፣ የደንበኛው ስልክ ቁጥር ላይ ነበረ። ከቅዳሜ ጀምሮ ሎጉ ላይ እየታተመ ነው። እግዜር ይስጥልኝ ወረኢሉ።

ሐይቅ ዳር፣ ማክሰኞ ከቀኑ 6፡20

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ፓይተኑን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ ሁለተኛውን ጥያቄህን ልውሰደው። አንድ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ቴስት አትጻፍ። አንድ አይደሉም፣ አንድ እንዲሆኑም አልተፈጠሩም።

ዳታክላስ የመጣው በ2018 ከፓይተን 3.7 ጋር ነው። ያንተን ሽያጭ እንዲህ ያትመዋል፦

ሽያጭ(እቃ='ነጭ ጤፍ', ኩንታል=3, ደንበኛ='ከድር')

ጥቅሶቹን እይ። የፓይተን ሪፐር ሐሳቡ ፕሮግራመሩ ነገሩን ያለ ብዥታ እንዲያየው ነው፤ ሲቻል ጽሑፉ ተመልሶ ኮድ መሆን የሚችል ቢሆን ይወደዳል። የጃቫው ዋጋውን ብቻ ያሳይሃል። ስለዚህ ጃቫ ላይ ቁጥር=1 ሲታተም አንዱ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ አታውቅም። ፓይተን ላይ 1 እና '1' ይለያሉ።

ቀን ላይ ደግሞ ጭራሽ አይገናኙም። ጥር 6 ቀን 2025 በፈረንጅ፣ የገና ዋዜማ ማለት ነው፣ የተደረገ ሽያጭ ጃቫ ላይ 2025-01-06 ብሎ ይታተማል። ፓይተን ላይ ዴትታይም.ዴት(2025, 1, 6) ይላል። ባዶ ፊልድ ጃቫ ላይ «ነል» (null)፣ ፓይተን ላይ «ነን» (None) ነው። እውነትና ሐሰት ጃቫ ላይ በትንሽ ፊደል፣ ፓይተን ላይ በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ።

ገንዘቡን ስታይ ግን ትደነግጣለህ። ዋጋውን በደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር በሚያዝበት ዓይነት) ከያዝከው 10 ሚሊዮን ብር ጃቫ ላይ 1.0ኢ7 ተብሎ ይታተማል። ጃቫ ደብልን ከ10 ሚሊዮን ጀምሮ በሳይንሳዊ አጻጻፍ ነው የሚጽፈው። ፓይተን ያንኑ ቁጥር 10000000.0 ይለዋል፣ ወደዚያ አጻጻፍ የሚሻገረው 1 ተከትሎት 16 ዜሮ ላይ ሲደርስ ነው። በትንሽ ሽያጭ ስትፈትን ሁለቱ ይመሳሰሉልሃል። ትልቁ ጭነት የመጣ ቀን ይለያያሉ። ለነገሩ ገንዘብ በደብል አይያዝም። ጃቫ ላይ ቢግዴሲማል፣ ፓይተን ላይ ዴሲማል ተጠቀም። እነሱም ሲታተሙ አይመሳሰሉም፣ ፓይተኑ ዴሲማል('12.50') ብሎ ከነስሙ ነው የሚያትመው። ዋጋቸው ግን አይዛባም።

ሁለቱ ፕሮግራሞች መነጋገር ካለባቸው በጄሰን (ማሽን እንዲያነበው በተበጀ የጽሑፍ አቀማመጥ) ይነጋገሩ። ሎጉ ለዓይን ይሁን፣ ጄሰኑ ለማሽን።

ቦርከና ማዶ፣ ማክሰኞ ከቀኑ 6፡45

ሐይቅ ዳር እንዳለችው ነው። አንድ ልጨምር፣ አሬይ (ብዙ ዋጋ በተርታ የሚይዝ ነገር)። ሬከርድ ውስጥ አሬይ ካስቀመጥክ ቁጥሮቹ አይታዩህም፤ የሚታተመው ያ የአት ምልክትና የሃሽ ቁጥር ነው። ሎምቦክ ግን አሬዩን ዘርግቶ ያሳይሃል። ስለዚህ ከሎምቦክ የሚሻገር ሰው አሬይ ካለው መረጃው ከሎጉ ይጠፋበታል። በአሬይ ፈንታ ሊስት ተጠቀም፣ ሊስት በደንብ ይታተማል። ሬከርዶች ሲወዳደሩም ልክ የሚሠራው ከሊስት ጋር ነው።

የጦሳ ጭጋግ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡30

አሬይ የለኝም፣ አልሐምዱሊላህ። ጄሰኑን ጀምሬዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። ድምሩን እንደገና ስሠራ ከድር የሚባለው ደንበኛ ሁለት ጊዜ መጣ። በጃቫው ሎግ ሁለቱም «ከድር ሐሰን» ናቸው። ፊደል በፊደል አየኋቸው። ሐመሩ ሐ ነው በሁለቱም፣ ሃሌታው ሀ አይደለም፣ እሱን ነበር መጀመሪያ የጠረጠርኩት። ፕሮግራሙ ግን ሁለት ሰው ነው ብሎ ድርቅ ይላል።

ሐይቅ ዳር፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡42

ፓይተን ውስጥ አስገባቸውና በሪፐር አትማቸው። ፕሪንት ብቻ ብትለው አይታይህም። በሪፐር።

የጦሳ ጭጋግ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡55

አጀብ! አንደኛው 'ከድር ሐሰን' ነው። ሁለተኛው ላይ በስሙና በአባቱ ስም መካከል፣ ክፍት ቦታው ላይ፣ በኋላ ሰረዝ የሚጀምር የኤክስ ኤ ዜሮ ምልክት (\xa0) አለ። ምንድን ነው?

ሐይቅ ዳር፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡10

የማይሰበር ክፍት ቦታ ይባላል። መስመር ሲያልቅ ሁለቱ ቃላት እንዳይለያዩ የሚያያዝ ነው። ብዙ ጊዜ ከወርድ ወይም ከድረ ገጽ ኮፒ ሲደረግ አብሮ ይመጣል። ስሙን ያስገባችው ጸሐፊ ከሌላ ፋይል ገልብጣው ይሆናል። ለዓይን ከተራው ክፍት ቦታ አይለይም። ለማሽን ግን ሌላ ፊደል ነው።

የሁለቱን ቋንቋዎች ልዩነት እዚህ ጋ ነው ቁልጭ አድርገህ የምታየው። የጃቫ ቱስትሪንግ ፊደሉን እንዳለ አስቀመጠው፣ ስለዚህ አልታየህም። የፓይተን ሪፐር ከተራው ክፍት ቦታ በቀር የማይታይን ፊደል በኮድ ቁጥሩ ያወጣዋል። የግዕዝ ፊደላትን ግን እንዳሉ ይተዋቸዋል። ፓይተን 2 ላይ ቢሆን የከድር ስም ራሱ በቁጥር ነበር የሚመጣልህ። በ3 ተስተካከለ።

ስትጠርግም ተጠንቀቅ። የፓይተን ስትሪፕ ይህን ፊደል ከዳርና ከዳር ይቆርጠዋል። የጃቫው ትሪምም ስትሪፕም አይነካውም። መሐል ላይ ያለውን ደግሞ አንዳቸውም አይነኩትም። ሲመዘገብ ገና በተራ ክፍት ቦታ ተካው። ለቴስትህም ይህን ስም አስቀምጠው፣ በምናብ ከምትፈጥረው ሁሉ የተሻለ ነው።

ሰኞ ገበያ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 3፡00

ትናንት ማታ ቤት ሞከርኩት። ደንበኛ ውስጥ የሽያጮች ሊስት አደረግኩ፣ ሽያጭ ውስጥ ደግሞ ደንበኛውን። ፓይተን ስጠይቀው አትሞ መሐል ላይ ሦስት ነጥብ አስቀምጦ ቆመ። ጃቫ ላይ ግን ስታክ ኦቨርፍሎው (ጥሪው በዝቶ ቦታ ሞላ) ብሎ ወደቀ። ሁለቱም ራሱን በሚጽፍ ማተሚያ ነው። ለምን?

ወረኢሉ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 3፡25

ጎበዝ! ሰኞ አይፈተንም ያልከውን ራስህ ፈትነህ ጣልከው።

ደንበኛው ራሱን ለማተም ሽያጮቹን ይጠራል። ሽያጩ ራሱን ለማተም ደንበኛውን ይጠራል። ሁለቱ እየተጠራሩ ማብቂያ የለውም። የፓይተን ዳታክላስ ማን ገና በመታተም ላይ እንዳለ ያስታውሳል፣ ያንኑ እንደገና ሲያገኘው ሦስት ነጥብ ያደርጋል። የጃቫ ሬከርድ አያስታውስም። ሎምቦክም እንደዚያው።

ክፋቱ የሚወድቀው ሽያጩ ሲሠራ አይደለም፣ ሎግ ሲጻፍ ነው። ሎግ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ችግር ሲፈጠር ነው። ችግሩን ልትነግረን የመጣችው መስመር ራሷ ፕሮግራሙን ትጥለዋለች። መፍትሔው ከሁለቱ አንዱን አቅጣጫ መቁረጥ ነው። ሽያጩ ደንበኛውን ሙሉውን አያትም፣ መለያ ቁጥሩን ብቻ ያትም።

ቦርከና ማዶ፣ ረቡዕ ከቀኑ 7፡30

እንግዲህ ቴስቱን ጀባ ልበልህ። እኔ በምሠራበት ቦታ እንዲህ ነው የምናደርገው።

አንድ የጄሰን ፋይል አለ። ውስጡ እያንዳንዱ ሽያጭ ከነዋጋው ተቀምጧል፣ ከጎኑ «የግድ ይታይ» እና «በጭራሽ እንዳይታይ» የሚሉ ሁለት ዝርዝሮች አሉ። ፋይሉ አንድ ነው፣ የጃቫው የቴስት መሣሪያ ጄዩኒት ያነበዋል፣ የፓይተኑ ፓይቴስት ያነበዋል። እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ ኦብጀክቱን ይሠራል፣ ያትመዋል፣ ዝርዝሮቹን ያረጋግጣል። ቅንፍ አንቆጥርም፣ ኮማ አንቆጥርም፣ ቅደም ተከተል አንጠይቅም። «ነጭ ጤፍ» አለ? አለ። ስልኩ አለ? የለም። አለቀ።

ሙሉውን መስመር ቃል በቃል የሚያወዳድር ቴስት እኛም ነበረን፣ አወጣነው። ሴት (set) ወይም ማፕ (map) የሚባሉ የዋጋ ስብስቦች ያሉበት ክላስ ላይ አንድ ቀን ያልፋል፣ አንድ ቀን ይወድቃል። ጃቫ ላይ በሴት.ኦፍ የተሠራ ሴት ቅደም ተከተሉ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ሊለያይ ይችላል። ፓይተን ላይም የስትሪንግ ሴት እንደዚያው ነው። ሰው እንዲህ ያለ ቴስት ሲወድቅበት ይለምደዋል፣ ቀዩን አይቶ ያልፋል። ከዚያ እውነተኛውም ቀይ ሲበራ ያልፈዋል።

የጦሳ ጭጋግ፣ ዓርብ ከምሽቱ 12፡15

ሠራሁት። ፋይሉ ውስጥ 9 ሽያጭ አስቀመጥኩ። ከድር ሐሰን ከነማይታየው ክፍት ቦታው፣ ስሙ ውስጥ ኮማ ያለበት ደንበኛ፣ ዋጋው 10 ሚሊዮን ብር የሆነ፣ እቃው ባዶ የሆነ፣ እርስ በርሱ ሲጠራራ የነበረውና አንዱን አቅጣጫ የቆረጥኩለት፣ የቀሩት ተራ ሽያጮች።

ጃቫ ላይ ሁለት ወደቀ። አንደኛው የጠበቅኩት ነው፣ 10000000 ይታይ ብዬ 1.0ኢ7 መጣ። ዋጋውን ወደ ቢግዴሲማል ቀየርኩት። ሁለተኛውን አልጠበቅኩትም። ስልኩን ኮከብ በሚያትም ክላስ ጠቅልዬ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። ለካ የጭነት ወረቀቱ ሬከርድ ላይ የሹፌሩም ስልክ አለ። በጭራሽ አስቤው አላውቅም። ቴስቱ ባይኖር ይታተም ነበር።

ስክሪፕቷ አሁን ሎጉን አትነካም። ጄሰኑን ነው የምታነበው፣ ያልገባት መስመር ካለም ዜሮ አትልም፣ መስመሩን ጠቅሳ ትቆማለች።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ስልክ የታተመባቸውን የዚህን ሳምንት ሎጎች ምን ላድርጋቸው?

ወረኢሉ፣ ዓርብ ከምሽቱ 1፡00

መጀመሪያ ለባለቤቱ ንገረው፣ የደንበኞቹ ስልክ ነውና ማወቅ አለበት። ከዚያ ስልኮቹን ከፋይሎቹ አጥፋ። ታሽገው የተቀመጡትን የድሮ ሎጎችና ባክአፑ ላይ ያሉትን ቅጂዎች እንዳትረሳ፣ እኛ ያኔ የረሳነው እነሱን ነበር። ለማንም በቴሌግራም የላክኸው ሎግ ካለም እሱንም አስጠፋ።

የጦሳ ጭጋግ፣ ዓርብ ከምሽቱ 1፡08

ማክሰኞ ለቦርከና ማዶ በውስጥ የላክሁለት አለ። ወንድሜ፣ አጥፋልኝ።

ቦርከና ማዶ፣ ዓርብ ከምሽቱ 1፡12

አጥፍቼዋለሁ።